የተቀበረ ማሽላ

እህሉን የሚቀብር አንድ ገበሬ ነበረ። ተቀመጪ ልጄ፤ ቦርሳሽንም ከትከሻሽ አውርጂው፣ ማንም አይወስድብሽም። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ሐኪም ቤት የገባሁት ልድን ነበር፤ ከገባሁ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ታዲያ ከሕክምና ምን መጠበቅ ነበረብኝ?» ነው ያልሽኝ። ያልተናገርሽውንም ሰምቻለሁ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሕክምናውን ትተሽ ጾሙን ልትይዢ አስበሻል፤ የንስሐ አባትሽ ነኝና ፈቃዴን ልትወስጂ መጥተሻል። ፈቃዱን እሰጥሽ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ትሰሚያለሽ። አሁን ስለ ገበሬው ልንገርሽ። ሳወራ ሲያቋርጡኝ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ሰውየው የሚኖረው እህል በጎተራ ሳይሆን በጉድጓድ በሚቀመጥበት ቆላ አገር ነው። የዚያ አገር ጉድጓድ እንደ እንስራ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ውስጡን በእበት ይለቀልቁታል፣ እሳት አንድደው ያደርቁታል፣ ገለባ ያነጥፉበታል። ከዚያ ማሽላውን ይገለብጡበትና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነው አፈር ይመልሱበታል። በላዩ የሚያልፍ መንገደኛ ከእግሩ ሥር እህል መኖሩን አያውቅም። ሰዉ ይህን የሚያደርገው ለጥቂት ወራት ነው። ሲርበው ይከፍተዋል፤ ይበላል።

ይህ ገበሬ ግን አንድ ክፉ ዓመት አሳልፏል። ጦር በመንደሩ አልፎ ወታደሮቹ በየቤቱ ያገኙትን እህል ጭነው ሄዱ። በዚያ ዓመት እናቱ በረሃብ ሞተች። ሬሳዋን ሲያነሣ እጇ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ አገኘው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያስቀምጥበት የሚጠብቅ እጅ ይመስል ነበር። ያን እጅ ካየ በኋላ «ከእንግዲህ ቤቴ ባዶ ሆኖ አይገኝም» ብሎ ማለ። በሚቀጥለው መኸር ጉድጓድ ቆፈረ፤ ካመረተው ግማሹን ቀበረ። የዚያን ዕለት፣ ከእናቱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደህና እንቅልፍ ወሰደው። ይህን ልብ በይልኝ። ሰውየው ሲጀምር ሞኝ አልነበረም። ጉድጓዱ ያን ጊዜ በእርግጥ ረድቶታል።

ጎረቤቶቹም አመሰገኑት። «ሰው ማለት እሱ ነው፤ ቁጥብ፣ ነገን የሚያስብ» አሉት። የደብሩ ቄስ ሳይቀር በበዓል ቀን በሕዝቡ ፊት ስሙን ጠርቶ «እንደ እሱ ሁኑ» አለ። ይህን ቄስ አትርሺው፤ እመለስበታለሁ። ገበሬው ምስጋናውን ሲሰማ በሁለተኛው ዓመት አብልጦ ቀበረ፤ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ከዚያም አብልጦ። ድንጋዩን ገለጥ አድርጎ ከላይ ይጨምራል እንጂ ወደ ውስጥ አይመለከትም ነበር።

ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ አንዲት ሴት ልጅና ትንሽ ወንድ ልጅ። ገበታቸው መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁርስ ቀረ። ከዚያ እራቱ ጎመን ብቻ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ጎመኑ የተቀቀለበት ውሃ ሆነ። ሚስቱ «እህል እያለን ለምን እንራባለን?» ስትለው «ለክፉ ቀን ነው» ይላታል። «ክፉው ቀንማ መጣ እኮ!» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላል። በእሱ ዘንድ ክፉው ቀን ሁልጊዜ ገና ነበር።

አንድ ልማድም ነበረው። ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ ላይ ይቆምና መሬቱን በተረከዙ ይረግጣል። የሞላ ጉድጓድ ሲረገጥ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ያን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። እያደር ለሌላው ነገር ሁሉ መፍትሔው ይኸው ሆነ። ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ሄዶ ይረግጣል። በሬው ሲሞትበት ሄዶ ይረግጣል። ሲያፍርም፣ ሰው ሲንቀውም፣ ብቻውን መሆኑ ሲሰማውም ያው ነው። ሌላ ሰው ኀዘኑን ለጎረቤቱ ያወራል፤ እሱ የሚያውቀው መርገጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለኀዘን እንደሚደረገው፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች። ደነገጡ። «ማን ሞተብሽ?» አሏት።

«ገና ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ገበሬውን አስጠሩት። አልዋሻቸውም። «ልጆቼ ከሱብኝ፤ ሚስቴም አቅም አጣች፤ እርዱኝ» አላቸው። «ታዲያ ጉድጓድህን ክፈት!» ሲሉት ግን ፊቱ ተለወጠ። «ልጆቼን አድኑልኝ፤ ጉድጓዱን ግን አትንኩብኝ» አለ።

ፊትሽን አታዙሪ። መጀመሪያ ቀን ለሐኪምሽ ምን እንዳልሻት የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። «ብርዱን አጥፊልኝ፣ ራሴን መሳቴን አጥፊልኝ፣ እንቅልፌን መልሺልኝ፤ ክብደቴን ግን አትንኪብኝ» ብያታለሁ አላልሽኝም? አንቺ ብቻ አይደለሽም። ብዙ ሰው ከሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚጠብቀው ይኼንኑ ነው፤ በሽታው ይሂድ፣ በሽታው የሰጠኝ ነገር ይቅርልኝ። በገበሬው አትሳቂበት። እኔም አልስቅበትም።

ሽማግሌዎቹ ደጎች ነበሩ። ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ማሽላ አዋጥተው ተሸክመው መጡ፤ እቤቱ አስቀመጡለት፤ መጠኑን አይተው «በቃ፣ ይኼ ያሻግራችኋል» አሉና ሄዱ። መንደሩም እፎይ አለ። ሰንበት ብለው ሲመለሱ ምጣዱ ቀዝቃዛ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ያው የጎመን ውሃ አለ። «ያመጣንልህን ምን አደረግኸው?» ቢሉት «አስቀመጥኩት» አላቸው። ቀብሮታል። ጥፋት የሠራም አልመሰለውም። ሽማግሌዎቹ ተቀየሙ፤ «እኛ ሰጥተናል፣ እምቢ ያለው እሱ ነው» ተባብለው ቀሩ። ለምን እንደሚቀብር የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ትንሹ ልጅ ሞተ።

ሊሞት አይገባም ነበር። ቤተሰቡን ዓመት የሚያሻግር እህል ደጃፉ ላይ ነበር፤ ልጁ አቅም በነበረው ጊዜ አፈር ፈጭቶ የሚጫወተው እዚያው እህሉ ላይ ነበር። ይህን ስናገር ያመኛል። ብዘለው ግን እዋሽሻለሁ። ገበሬው ከቀብር ሲመለስ ቤቱ አልገባም። ሰው ሁሉ እያየው ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ላይ ሄዶ ቆመና ረገጠ። ድፍን ነበር። ፊቱ ግን በዚያ ቀን አልተፈታም። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ፤ ማቆም አቃተው፤ ሰዎች ይዘው ወሰዱት።

ያን ጊዜ የልጁ አጎት፣ የሚስቱ ወንድም፣ በንዴት ተነሣ። ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። ገበሬውን ከዛፍ ጋር አሰሩት፤ አፈሩን ዛቁት፤ ድንጋዩን ገለበጡት። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ውስጡ የታፈነ አየር አለ፤ ሳይናፈስ የገባበት ሰው በሕይወት አይወጣም። ይህን የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። አጎትየውም ያውቅ ነበር፤ ንዴት አስረሳው። የእህቱ ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እያየችው ስልቻ ይዞ ዘሎ ገባ። አንድ ጊዜ ሲያስል ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

ሬሳውን በሜንጦ ጎትተው አወጡት። ድንጋዩን መልሰው የከደኑት እነዚያው ጎረምሶች ናቸው። ገበሬውን ከዛፉ ሲፈቱት «ይኼ ጉድጓድ አይከፈትም ብያችሁ ነበር» አላቸው፤ በዚያን ቀን የመንደሩ ሰው ሁሉ አመነው። በጉልበት የተከፈተ ነገር እንዲህ ያደርጋል፤ የዘጋውን ሰው ልክ ያስመስለዋል።

የቀረችው ልጅቷ ነበረች። እሷም ከደጃፉ መነሣት እያቆመች ነበር።

ሚስቱ ወደ ሩቅ ገበያ ለሚወርዱ ሰዎች መልእክት ሰጠች። በዚያ በኩል ሥራው ጉድጓድ መክፈት የሆነ አንድ ሽማግሌ አለ ይባል ነበር። ሽማግሌው መጣ። ከብዙ ዘመን የጉድጓድ አየር የተነሣ ደረቱ ሲተነፍስ ይንኳኳል። መቆፈሪያ አልያዘም። ትከሻው ላይ ረጅም ገመድ፣ ብብቱ ሥር አንድ እስር ደረቅ ሣር፣ ከዚህ ሌላ ስንቁን ብቻ ነው የያዘው። ጉድጓዱ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ከገበሬው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና «መቼ ነበር የቆፈርከው?» አለው።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ገበሬው ስለ ወታደሮቹ ነገረው፤ ስለ እናቱም እጅ ነገረው። ሽማግሌው አላጽናናውም፤ «አይዞህ፣ ያለፈ ነው» አላለውም። ሰምቶ ሲጨርስ «ጥሩ አድርገህ ነው የቆፈርከው፤ መክፈቱን ነው የረሳኸው» አለው። ገበሬውም ትንሽ ልቡ ተከፈተና መጠየቅ ጀመረ።

«ብንከፍተው ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አላውቅም።»

«ሲከፈትስ ምን ይወጣል?»

«መጀመሪያ ግማት ነው የሚወጣው። ቤትህ ይገባል፣ ልብስህ ላይ ይቀራል፤ እኔን ትረግመኛለህ። ቀጥሎ የላይኛውን ማሽላ ጠቁሮና ሻግቶ ታገኘዋለህ፤ ያን በእጅህ እየዛቅህ ታወጣዋለህ። ያን ጊዜ ሁሉም የበሰበሰ ይመስልሃል። መብላት ስትጀምር ደግሞ ሳትበላ ከኖርክበት ጊዜ ይበልጥ ይርብሃል፤ ትደነግጣለህ።»

«ታዲያ አንተ ምን ልታደርግልኝ ነው የመጣኸው?»

«ገመድ ልይዝልህ።»

ገበሬው ተናደደ። «የሚገባ ሰው አስጠሩልኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔ ገብቼ ባወጣልህ መልሰህ ትቀብረዋለህ። የሽማግሌዎቹን ማሽላ ቀብረሃል። የቆፈርከው አንተ ነህ፣ ጎኑን የምታውቀው አንተ ነህ፣ የምትገባውም አንተ ነህ። ገመዱን ግን አለቅም።»

በማግስቱ ገበሬው በገዛ እጁ አፈሩን አነሣ፤ ድንጋዩን ገፋ። ግማቱ ወጣ። ሚስቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች፤ ጎረቤቶች ከሩቅ ሆነው ተሳደቡ። ሽማግሌው ከሣሩ ጥቂት ለኩሶ በገመድ አወረደው። ጠፋ። «አየሩ ገና እሳት ያጠፋል፤ ዛሬ አይገባበትም» አለና ሄዶ ከራሱ ስንቅ ቀጭን አጥሚት ሠራ፤ ለልጅቷ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ሰጣት። እናቷ «ጨምርላት እንጂ!» ስትለው «እንዲህ የተራበ ሰው በአንዴ ከጠገበ ይሞታል፤ ታግሠሽ ስጪያት» አላት። ልጅቷ ሆዷን አመማትና አለቀሰች። ከመብላቷ በፊት አታለቅስም ነበር።

በሁለተኛውም ቀን እሳቱ ወርዶ ጠፋ። ግማቱ አልቀነሰም። እኩለ ቀን ላይ ገበሬው ድንጋዩን አቅፎ ወደ ጉድጓዱ መጣ። ሽማግሌው አፉ ዳር ተቀምጧል።

«ልከድነው ነው» አለ ገበሬው። «እስክትመጣ ድረስ ቢያንስ አይገማም ነበር።»

«ድንጋዩ ያንተ ነው፤ አልቀማህም። ነገም እዚሁ ታገኘኛለህ። ከመክደንህ በፊት ግን አንዴ ዞር በልና ደጃፉን እይ።»

ዞረ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ።

ገበሬው ድንጋዩን እንዳቀፈ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ «ክፉው ቀን ይኼ ነው» አለ፤ ድንጋዩንም መሬት ላይ አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን ሣሩ እታች ደርሶ ሳይጠፋ ነደደ። ገበሬው ገመዱን ወገቡ ላይ ራሱ አሰረና ወረደ። ተስማምተው ነበር፤ ሽማግሌው ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብ ካደረገ «አለሁ» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከታች የገበሬው ጩኸት መጣ። «ሁሉም በስብሷል! ምንም የለም! አታለልከኝ!» ሽማግሌው ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ። ገበሬው አለቀሰ፤ ከዚያ ዛቀ። በማግስቱም ወርዶ ዛቀ። ሰባት ቀን ሙሉ ጥቁር፣ የተጋገረ፣ የሚሸት ነገር አወጣ፤ ማታ ማታ ከሽማግሌው አጥሚት ላይ ሁለት ማንኪያ ይቀምስና በረሃብ ይቃጠላል። መዛቅ በጀመረ በአምስተኛው ቀን «በፊት ይሻለኝ ነበር» አለ። ሽማግሌው «አዎ፣ በፊት አይሰማህም ነበር» አለው።

በስምንተኛው ቀን ቀይ ማሽላ አገኘ። ደረቅ፣ ጤነኛ። የደበቀው ሁሉ አልነበረም፤ ሲሶው እንኳ አይሆንም፤ የቀረው ለእሱም ለሌላም ሳይሆን አፈር ሆኗል። ሚስቱ ደስታ የሚሰማ መስሏት ጆሮዋን ጣለች። የተሰማው ግን እንደ ቀብር ቀን ያለ ልቅሶ ነበር። ገበሬው በደህናው እህል ላይ ተቀምጦ የልጁን ስም እየጠራ ያለቅስ ነበር። ለካስ እስከዚያ ቀን ለልጁ አላለቀሰም። አልወጣም አለ። ሽማግሌው ጎትቶ አላወጣውም፤ ገመዱን እንደያዘ፣ ደረቱ እየተንኳኳ፣ እስከ ሰርክ ድረስ ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ሳብ ያደርጋል። አለሁ። ሰርክ ላይ ገመዱ ከታች አንድ ጊዜ ተሳበ። ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰለት ያን ጊዜ ነበር።

ታዲያ ዳነ ወይ? ትይኝ ይሆናል። ልጅቷ ተረፈች፤ ቁመቷ ግን እንደ እኩዮቿ አልሆነም። ሚስቱ አብራው በላች እንጂ ይቅር አላለችውም። እሱም ሲበላ ብዙ ዘመን ግማሹን ለነገ ላስቀምጥ ላስቀምጥ ይለው ነበር። ጉድጓዱ ላይ መቆሙንም አልተወም፤ ክፉ ነገር በገጠመው ቁጥር ሄዶ ይረግጣል። አሁን ባዶ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ያ ድምፅ እስኪሞት ድረስ ያስፈራው ነበር። ግን ይረግጥና፣ ፈርቶ እንደሆነ ፈርቶ፣ ገብቶ ይበላል። አንዳንድ ዓመት እግሩ ሲከብድበት ወደ ሽማግሌው ይልካል፤ ሽማግሌውም ገመዱን ይዞ ይመጣል።

አለቀ። አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ጥያቄሽ ተታለልኩ ወይ ማለት ነው። ሐኪምሽ «ስትከፍቺው ሽቶ ይሸትሻል» ብላሽ ከሆነ አዎ፣ ተታለሻል። ግን «ይከብድሻል» ብላኛለች አልሽኝ፤ ለጨዋነት ያለችው መስሎሽ ነበር። ልጄ፣ አሁን የምታለቅሺው፣ ሌሊት የሚርብሽ፣ እናትሽ ላይ የምትጮሂው፣ መስታወት ሸሽተሽ የምትውዪው፣ ይኼ ሁሉ በሽታው ስለባሰ አይደለም። ድንጋዩ ስለተነሣ ነው። የሚወጣው ግማቱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥቁሩ ነው፤ እሱንም በእጅሽ ነው የምትዝቂው። ምን ያህል ደህና እህል እንደቀረልሽ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሟም አታውቅም። አለ ብለን ነው የምንቆፍረው።

ሐኪሟ እንድትገባልሽ አትጠብቂ። ሚዛን ላይ አውጥታ «ሞላሽ፣ ዳንሽ» ብላ እንድትሸኝሽም አትጠብቂ፤ እንዲያ ብታደርግ እንኳ አትመኛት፤ ሽማግሌዎቹም ቁናውን አይተው ነበር የሄዱት። መጠበቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፤ ገመዱን የሚይዝ ሰው። መቼ ቆፈርሽው ብሎ የሚጠይቅሽ፣ የሚገማውን ሳይደብቅ የሚነግርሽ፣ ስትሰድቢው የማይሄድ። ይህችኛዋ እንዲህ ካልሆነች ሌላ ፈልጊ፤ እኔም አብሬሽ እፈልጋለሁ። ከሆነች ግን አትልቀቂያት። ሳብ ሲል የሚሰማሽ ገመድ ካለ፣ ሕክምና ማለት እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቄሱ። እመለስበታለሁ ብዬሻለሁ።

እሱን ፈጥሬ አልነገርኩሽም። አንቺ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ከታዘዘው በላይ ትጾሚ ነበር፤ ጾሙ ሲፈታም አትፈቺም ነበር። ጉንጭሽ ሲጎድል አየሁ። ካባዬን ለብሼ በሴት ልጆቹ ሁሉ ፊት አስነሣሁሽና «ይህችን ልጅ ተመልከቱ፣ እንደ እሷ ሁኑ» አልኩ። ያን ቀን ፊትሽ ሲፈታ አይቻለሁ። ጉድጓድሽን ረግጬ ሞልቷል ያልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ የሞተበት ዓመት ነበር፤ ለምን እንደማትበዪ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም። አርባ ዓመት የሰው ኃጢአት ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ይህን የራሴን ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ላንቺ ነው የነገርኩሽ፤ የበደልኩት አንቺን ነውና።

ስለዚህ ፈቃዴን ስሚ። አልፈቅድልሽም። የታመመ ሰው እንዲጾም ሥርዓቱም አያዝም፤ እኔ ደግሞ በሥልጣኔ ከልክዬሻለሁ። ቀኖናሽ መብላት ነው። ሐኪሟ ያዘዘችልሽን፣ ባዘዘችልሽ ሰዓት፣ እያለቀስሽም ቢሆን። ኃጢአት መስሎ ሲሰማሽ የእኔ ትእዛዝ መሆኑን አስቢ፤ ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን።

ገመድ መያዝ እኔ አልተማርኩም፤ እሱ የሐኪሟ ሥራ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ማለት ግን እችላለሁ። ሰኞ ጠዋት ሳህኑን ሲያቀርቡልሽ አጠገብሽ ወንበር ላይ ታገኚኛለሽ። ቄሱ በጾም መግቢያ ሐኪም ቤት ምግብ ክፍል ምን ያደርጋል የሚል ካለ ይበል። አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ እጾማለሁ፤ ዘንድሮ የሁለታችንንም ጾም የምይዘው እኔ ነኝ። ቦርሳሽን አንሺና ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለሺ። ከከበደሽም እስከ በሩ እኔ እይዝልሻለሁ።